ፖላሪስ ሲከፈት ሞርስ መንገድ ለማን ቀረ?

ፖላሪስ ማለት የሰሜን ኮከብ ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን ከደቡብ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ከባርነት የሚያመልጡ ሰዎች ሌሊት ሌሊት ሲጓዙ አቅጣጫቸውን የሚለዩት ይህንኑ ኮከብ እያዩ ነበር። ዛሬ በእኛ ከተማ በኮለምበስ ፖላሪስ ሲባል ግን ወደ አእምሮ የሚመጣው ኮከቡ ሳይሆን ገበያው ነው። በ71 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ለሚነዳ ሰው በስተግራና በስተቀኝ የሚታየው ሆቴል፣ መኪና መሸጫ፣ ትልልቅ መደብርና የቼስ ባንክ ግዙፍ ሕንፃ ነው። ትልቁ የገበያ አዳራሽ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በስተቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከመካከላችን በፖላሪስ የሚሠራው ሰው ጥቂት አይደለም። በጽዳት፣ በጥበቃ፣ በሽያጭ፣ በባንክ ሥራ፣ እንደ እኔም በታክሲ። ሥራው ሲያልቅ ግን በርበሬ ወይም እንጀራ የሚፈልግ ሰው እዚያው አይገዛም። ወደ ደቡብ ወርዶ ሞርስ መንገድና ክሊቭላንድ አቬኑ ወደሚገናኙበት አካባቢ፣ ኖርዝላንድ ወደሚባለው ሰፈር ይሄዳል። ሥራችን በአንድ ቦታ፣ ገበያችን በሌላ ቦታ እንዴት ሆነ? ነገሩ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ ይመስላል። ታሪኩን ለመረመረ ግን የፖላሪስ መከፈትና የእኛ ሱቆች መከፈት የአንድ ታሪክ ሁለት ገጽ ናቸው።

የአንዱ መዘጋት ለሌላው መከፈት

በሞርስ መንገድ ላይ ኖርዝላንድ ሞል የተባለው የገበያ ማዕከል የተከፈተው በ1964 ነበር። በዘመኑ የከተማው ኩራት ነበር። ከ1851 ጀምሮ በኮለምበስ ስሙ የገነነው የላዛረስ መደብር እዚያ ቅርንጫፍ ነበረው። ሲርስና ጄሲ ፔኒም ነበሩ። በዙሪያው አዲስ ቤት እየሠሩ የሰፈሩት ነጮች ልጆቻቸውን ይዘው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚውሉበት ቦታ ነበር።

ኋላ ግን ከተማው ወደ ዳር ሰፋ። በ1997 በሰሜን ምዕራብ ተትል፣ በ1999 በሰሜን ምሥራቅ ኢስተን፣ በ2001 ደግሞ ከሁሉም ወደ ሰሜን ርቆ ፖላሪስ ተከፈቱ። ገንዘብ ያለው ገበያተኛ ወደ አዲሶቹ ዞረ። ኖርዝላንድ ሞል ፖላሪስ በተከፈተ በዓመቱ፣ በ2002፣ ተዘጋ፤ ቆይቶም ፈረሰ። ሞሉ ሲዘጋ በዙሪያው የነበሩት ትንንሽ የሱቅ ረድፎችም ደንበኛ አጡ። ባለ ሕንፃዎቹ የሚከራያቸው አጥተው ዋጋ ዝቅ ለማድረግ ተገደዱ።

ስደተኛው ነጋዴ የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ጊዜው ገጠመ። ከ1991 የሶማሌ መንግሥት መፍረስ በኋላ የተሰደዱ ሶማሌዎች ኮለምበስን መርጠው በብዛት እየገቡ ነበር፤ ዛሬ በዚህ አገር ከሚኒያፖሊስ ቀጥሎ ብዙ ሶማሌ ያለው በኮለምበስ ነው። በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ፣ ኋላም በ1990ው ሕግ በተቋቋመውና ከ1995 ጀምሮ በሠራው የዲቪ ዕጣ ኢትዮጵያውያንም መጡ። ከላቲን አሜሪካና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡትም ነበሩ። ከ2008 ወዲህ ደግሞ ከቡታን የተባረሩ የኔፓል ተወላጆች ታከሉ። እነዚህ ሁሉ በአዲሱ የፖላሪስ አዳራሽ ውስጥ ለመከራየት አቅሙም የብድር ታሪኩም አልነበራቸውም። በሞርስ መንገድ ግን ይችሉ ነበር።

ዛሬ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው የሶማሌዎቹን ገበያ፣ የሜክሲኮዎቹን ዳቦ ቤት፣ የጋናዎቹን ምግብ፣ የኔፓሎቹን ሞሞ፣ የእኛን ሥጋ ቤትና ቡና ቤት በአንድ መስመር ያገኛል። ሳራጋ በሚባለው ትልቅ ግሮሰሪ ውስጥ አንዱ መደርደሪያ የታይላንድ የዓሣ ስጎ፣ የሚቀጥለው የሜክሲኮ ቃሪያ ነው። ጠጅ ሣር እንኳ በእስር እየሆነ ይሸጣል። እኛ ለቡናና ለሻይ የምናውቀውን ታዮች ለወጥ ይቀቅሉታል።

የታዮች ሰፈር

ታይላንድን ካነሳን ዘንድ፣ ከእኛ አስቀድሞ ይህንኑ ጉዞ የሄደ ሕዝብ ታሪክ ቢነገር ይጠቅማል። በሎስ አንጀለስ ከተማ በሆሊውድ ቡለቫርድ ላይ፣ ከዌስተርን እስከ ኖርማንዲ አቬኑ ያለው ስድስት ብሎክ ያህል ቦታ ታይ ታውን ይባላል። በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ ይህን ስም ያገኘው ጥቅምት 27 ቀን 1999 ነው።

ታይላንድና ኢትዮጵያ በካርታ ላይ የተራራቁ ቢሆኑም በታሪክ የሚመሳሰሉበት ነገር ብዙ ነው። ሁለቱም በአውሮፓ ቅኝ ገዢ ሳይያዙ ያንን ክፉ ዘመን ያለፉ ጥንታዊ መንግሥታት ነበሩ፤ እኛን ኢጣልያ አምስት ዓመት ብትወረንም። ሁለቱም የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ነበሩ። ሁለቱም በኮሪያ ጦርነት ወታደር ልከዋል። ሁለቱም ለአሜሪካ ጦር ቦታ ሰጥተዋል፤ እኛ በአሥመራ ቃኘው ጣቢያን፣ እነርሱ በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአየር ኃይል ጦር ሰፈሮችን። የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራንም በሁለቱም አገር ሥራ የጀመሩት በዚያው በ1962 ነው። እንግዲህ አሜሪካዊው ወደዚያ ሲሄድ የዚያ አገር ተማሪ ወደዚህ መምጣቱ አልቀረም። የስደት መንገድ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በኃያሉ አገር እግር የተረገጠ መንገድ ነው።

ሕጉም አንድ ዓይነት ነበር። በ1924 ወጥቶ ለአርባ ዓመት በሠራው የኮታ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ለእስያ ሰዎች ደግሞ በሩ ጨርሶ የተዘጋ ያህል ነበር። ይህ የተሻረው ፕሬዚዳንት ጆንሰን በጥቅምት 1965 በፈረሙት አዲስ ሕግ ነው። ለትምህርት መጥተው የነበሩ የታይ ወጣቶች ከዚያ በኋላ ሥራ ይዘው ቀሩ፤ ዘመዶቻቸውንም አመጡ።

ይሁንና የአገራቸውን ምግብ ሊሠሩ ሲነሱ ዕቃው የለም። የእኛ ሰዎች በዚያ ዘመን ጤፍ አጥተው ከስንዴና ራሱ ከሚነሳ ዱቄት እንጀራ መሰል ነገር ይጋግሩ እንደነበር ቀደም ብለው የመጡ ታላላቆቻችን ያውቃሉ። ታዮችም እንደዚሁ በምትክ ዕቃ ይሠሩ ነበር። ለወጣቸው መዓዛ የሚሰጠውን የሎሚ ዘር ቅጠል ከአገራቸው ማስመጣት አይችሉም፤ የአሜሪካ የእርሻ ሕግ የብርቱካን እርሻዎችን በሽታ እንዳይገባባቸው ሲል ይከለክላል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፕራሞት ቲላካሞንኩል የተባለ ሰው በሎስ አንጀለስ በሜልሮዝ አቬኑ ባንኮክ ማርኬት የሚባል ሱቅ ከፈተ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የታይ ግሮሰሪ ነው ይባላል። የዓሣ ስጎው፣ የኮኮናት ወተቱ፣ የሩዝ ፓስታው፣ የዝንጅብል ዘመድ የሆነው ሥር፣ ሁሉም እዚያ ይገኝ ጀመር። ዕቃው ሲገኝ ምግብ ቤቱ ተከተለ፤ ምግብ ቤት ሲበዛ ጸጉር ቤቱ፣ መጽሐፍ መሸጫው፣ የጉዞ ወኪሉ፣ ሐኪሙና ጠበቃው በዙሪያው ሰፈሩ። ሰፈር የሚወለደው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ አስቀድሞ ቅመሙ፣ ቀጥሎ ሱቁ፣ ቀጥሎ ምግብ ቤቱ፣ በመጨረሻ ስሙ።

የእኛም ጤፍ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ቆይቶ ሲመለስ በአይዳሆ ጤፍ መዝራት ጀመረ፤ በ1980ዎቹም ለኢትዮጵያውያንና ለኤርትራውያን ይሸጥ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል በዚህ አገር ያለው ሐበሻ ፈጽሞ ጤፍ ያላጣው በአይዳሆው ዓይነት እርሻ ምክንያት ነው።

የታዮች ጉዞ ጣፋጭ ብቻ አልነበረም። ነሐሴ 2 ቀን 1995 ከሎስ አንጀለስ አጠገብ በምትገኘው በኤል ሞንቴ ከተማ፣ ሽቦ በታጠረበት ግቢ ውስጥ ታስረው ልብስ የሚሰፉ 72 የታይ ሠራተኞች ነጻ ወጡ። አንዳንዶቹ እዚያ ለዓመታት ቆይተዋል። ጨቋኞቻቸው የገዛ ወገኖቻቸው ነበሩ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1994፣ ቻንቻኒት ማርቶሬል የተባሉት ሴት ያቋቋሙት የታይ ማኅበረሰብ ልማት ማዕከል እነዚህን ሰዎች በመርዳት ግንባር ቀደም ሆነ። ታይ ታውን የሚለው ስም እንዲሰጥ የታገለውም ይኸው ድርጅት ነው። አሳባቸው ሰፈሩ በስም ከታወቀ ጎብኚ ይመጣል፣ ጎብኚ ከመጣ ሥራ ይፈጠራል፣ ሥራ ካለ ወገን ለእንዲያ ያለ ባርነት አይዳረግም የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በታይ ታውን የሚኖሩት አብዛኞቹ ሰዎች ታዮች አይደሉም። ላቲኖች ናቸው፣ አርመኖች ናቸው። እንዲያውም በ2000 ያው አካባቢ ትንሿ አርሜኒያ የሚል ሌላ ስም ከከተማው ተቀበለ። ስለዚህ የአንድ ሕዝብ ሰፈር ለመባል ሁሉም እዚያው ማደር የለበትም። ገበያው፣ ምግቡና ማኅበሩ እዚያ መሆኑ ይበቃል።

ስም ያገኙና ያጡ

ታዮች ስም ባገኙ በሦስተኛው ዓመት፣ በነሐሴ 2002፣ የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት በፌርፋክስ አቬኑ ላይ ያለውን የእኛን ምግብ ቤቶችና ሱቆች መስመር ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ ሰየመ። ኖርዝላንድ ሞል የተዘጋበትም ዓመት ይኸው ነው። ፌርፋክስ አስቀድሞ በአይሁዶች ሱቅ የታወቀ መንገድ ነበር። እኛም እንደ ታዮቹ ሌላው በለቀቀው ቤት ገባን ማለት ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ ግን ነገሩ እንዲህ አልሄደም። ኢትዮጵያውያን በመጀመሪያ በአዳምስ ሞርጋን፣ ኪራይ ሲወደድ ደግሞ በዩ ስትሪትና በዘጠነኛው መንገድ ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተው የተጎዳ ሰፈር አቀኑ። በ2005 ቦታው ትንሿ ኢትዮጵያ ይባል ሲባል የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ። ተቃውሞአቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ዩ ስትሪት እኛ ከመምጣታችን በፊት የእነርሱ ሙዚቃና ንግድ ያበበበት ታሪካዊ ቦታ ነው። ስሙ ሳይጸና ቀረ። ከዚያ ኪራዩ እንደገና ናረና ብዙው ነጋዴ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደ። በገዛ ላባችን ያቀናነው ሰፈር በውድነቱ እኛኑ አስወጣን። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነው። ስም ስንጠይቅ ከእኛ በፊት የነበረውን ማክበር አለብን። ሁለተኛው፣ ሕንፃው የሌላ ሰው ከሆነ ስምም ቢኖር አያድንም።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድም አያሻም፤ እኛም በተራችን እንግዳ ተቀባይ ነበርን። አዲስ አበባ ላይ አርመን ሰፈር የሚባለው ስም ዛሬም አለ። በ1924 ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በከተማችን የሙዚቃ ታሪክ የያዙት ቦታ የታወቀ ነው። ከየመን የመጡት ዐረቦች ደግሞ በየመንደሩ ሱቅ ነበራቸው። ስኳር፣ ጋዝና ክብሪት ለመግዛት ልጅ ሲላክ «ዐረብ ቤት ሂድ» ይባል ነበር። ሙሸበክና ፈጢራ ከእነርሱ የለመድነው ነው። አብዮቱ ከመጣና በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ግን ዐረቡም አርመኑም ግሪኩም አብዛኛው ሄደ። ሙሸበኩ ቀረ፣ ስሙ ቀረ፣ ሰዎቹ የሉም። በእንግድነት የኖረ ሕዝብ ሥሩ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ከእኛ በላይ ሊያውቅ የሚገባው የለም።

በዚሁ በኮለምበስ

ወደ ከተማችን እንመለስ። በኮለምበስ ከእኛ በፊት ይህን ያዩ አሉ። ከመሐል ከተማ በስተደቡብ ያለው የጀርመን መንደር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመኖች በቀይ ጡብ የሠሩት ነው። ትምህርት ቤታቸው፣ ጋዜጣቸው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው በቋንቋቸው ነበር። አሜሪካ በ1917 ከጀርመን ጋር ስትዋጋ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሳ። በባለቅኔው በሺለር ስም የተጠራው መናፈሻ ለጊዜው ዋሽንግተን ተባለ፤ የመንገዶች ስም ተለወጠ፤ የጀርመንኛ ትምህርት ተከለከለ፤ መጻሕፍትም ተቃጠሉ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ቋንቋውን ተዉ፣ ወደ ሌላ ሰፈርም ተበተኑ። ቤቶቹ ሊፈርሱ ሲቃረቡ በ1960 የጀርመን መንደር ማኅበር ተቋቁሞ አዳናቸው። ዛሬ ሽሚት የተባለው ቤተሰብ፣ ከ1886 ጀምሮ ሥጋ ሲሸጥ የቆየው፣ ቋሊማውን ለቱሪስት ያቀርባል። ምግቡ ተረፈ፤ በመንገዱ ላይ ጀርመንኛ የሚናገር ግን የለም።

በሌላው ጫፍ፣ ከፖላሪስ ጎዳና በስተምሥራቅ፣ አፍሪካ ተብሎ የተሰየመ መንገድ አለ። ብዙዎቻችን ስናየው ፈገግ ብለን እናልፋለን። ታሪኩ ግን ትልቅ ነው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት በዚያ የነበሩ ገበሬዎች ባርነትን የሚቃወሙ ስለነበሩ የሚያመልጡትን ይደብቁ ነበር። በ1859 ከሰሜን ካሮላይና ነጻ የወጡ ጥቁር ቤተሰቦች መጥተው ሰፈሩ። ባርነትን የሚደግፍ ጎረቤት ለማላገጥ «አፍሪካ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ጸና። ሰፋሪዎቹ ግን ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። ዛሬ እዚያ የቀረው የመንገድ ምልክቱ ነው።

እንግዲህ በአንድ ከተማ ሦስት ዓይነት ዕጣ እናያለን። በጀርመን መንደር ምግብ አለ፣ ሕዝቡ የለም። በአፍሪካ መንገድ ስም አለ፣ ሕዝቡ የለም። በሞርስ መንገድ ሕዝብም ምግብም አለ፣ ስምና ርስት የለም።

የሞርስ መንገድ ኪራይ እንዳለ ይቆያል ብሎ ማመን አይገባም። ርካሽ የሆነው ሌላው ስለተወው ነበር፤ የተወው ተመልሶ ሲፈልገው ይወደዳል። ኢንቴል በ2022 በኒው አልባኒ አጠገብ ፋብሪካ እሠራለሁ ብሎ ካስታወቀ ወዲህ፣ የሥራው ጊዜ ቢራዘምም፣ የዚህ ከተማ መሬት ዋጋ እንደ ድሮው አይደለም። በ2018 ሥራ የጀመረው ሲማክስ የተባለው ፈጣን አውቶቡስም ከመሐል ከተማ ተነስቶ በክሊቭላንድ አቬኑ እስከ ፖላሪስ አካባቢ ይደርሳል። ለሠራተኛው ወገናችን ትልቅ ጥቅም ነው። ግን መጓጓዣ የተመቸው መንገድ ለባለ ገንዘብ ዓይንም የተመቸ ነው።

ምን ይደረግ? የሎስ አንጀለስ ታዮች የሠሩት ከእኛ አቅም በላይ አይደለም። አንደኛ፣ የንግድ ሰዎቻችን ከአከራይ ጋር ውል ሲፈርሙ ለብቻቸው ከመሆን ይልቅ ተመካክረው ረጅም ውል ቢጠይቁ፣ ከቻሉም ሕንፃውን በጋራ ቢገዙ ይሻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደተባለው፣ ዕቁብ የለመደ ሕዝብ ለዚህ አዲስ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ስም ከተጠየቀ ከሶማሌው፣ ከኔፓሉ፣ ከላቲኖውና ቀድሞ ከነበረው ጥቁርና ነጭ ጎረቤት ጋር ይሁን፤ ታይና አርመን በአንድ መንገድ ሁለት ስም ይዘው መኖር ችለዋል። ሦስተኛ፣ በ2002 ባዶ በነበረው መንገድ ላይ የመጀመሪያውን የእንጀራ ምጣድ የጣዱት እናቶች፣ የመጀመሪያውን ሱቅ የከፈቱት ሰዎች ገና በሕይወት አሉ። ልጆቻችን በእንግሊዝኛም ቢሆን ጠይቀው ይጻፉት። የአፍሪካ መንገድ ሰፋሪዎች ዛሬ የሚታወቁት ታሪካቸውን ያስቀመጠ ሰው ስለተገኘ ነው።

የንጉሥና የጦርነት ታሪክ በመጽሐፍ ይገኛል። የሱቅ ታሪክ ግን ባለሱቁ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ባንኮክ ማርኬት እንኳ በ2019 በሩን ዘግቷል፤ የሚታወሰው የተጻፈለት ስለሆነ ነው። የሞርስ መንገድን ታሪክ ከእኛ ሌላ የሚጽፍልን አይኖርም።

ቸር ይግጠመን።